ቪትዝ 1.0፣ ቪትዝ 1.3፣ ዲዛየር ወይስ ኤሌክትሪክ? በአዲስ አበባ መንገድ ነዳጅ የምትቆጥበዋ የትኛዋ ናት

«በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ሲባል የደላላው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ናት፦ «ሃያ! ነዳጅ አሽትታ ነው የምትሄደው።» ሃያዋን ግን እሱ አልፈጠራትም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ ቪትዝ 1.0 «10-15 ሞድ» በተባለው የጃፓን ፍተሻ በሊትር 22 ኪሎሜትር ተጽፎላታል። በ2014 የታደሰችው ሦስተኛዋ ትውልድ «ጄሲ08» በተባለው ፍተሻ 1.0ዋ 24፣ ባለ 1.3ዋ 25 አላት። የሕንዷ ሱዙኪ ዲዛየርም በ2017 ሞዴሏ በቤንዚን 22 ተብላለች።

ፍተሻው ግን መንገድ ላይ አይደለም የሚካሄደው። መኪናዋ ሮለር ላይ ቆማ ጎማዋ ይሽከረከራል። ዳገት የለም፣ አራት ሰው የለም፣ አደባባይ ላይ አሥር ደቂቃ መቆም የለም። ጄሲ08 ርዝመቱ 8.2 ኪሎሜትር ገደማ ሲሆን አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 24 ነው፤ 10-15 ደግሞ 4.2 ኪሎሜትር እንኳን አይሞላም፣ ያውም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ። የሕንዱ ሌላ ፍተሻ ነው፣ ከ90 ፍጥነትም አያልፍም። ስለዚህ የቪትዝን 24 ከዲዛየር 22 ጋር አስተያይቶ «ቪትዝ ትሻላለች» ማለት ስህተት ነው፤ በሁለት የተለያየ መስፈሪያ የተሰፈረ እህል እንደማወዳደር ነው።

በ1.3ዋ 25 ላይ ሌላም ነገር አለ። ቁጥሩ የተገኘው መብራት ላይ ስትቆም ሞተሯን ራሷ በምታጠፋው ዘዴ ነው። ይህ ሥርዓት የሚሠራው ለእሱ በተሠራ ጠንካራ ባትሪ ብቻ ነው። ባትሪው ሲያልቅ አብዛኛው ባለቤት ተራ ባትሪ ይገጥምና ሥርዓቱ ይተኛል። ያን ጊዜ 25ቱ ከወረቀት ላይ አይወርድም።

ከፍታው ትንሿን ሞተር ምን ያደርጋታል

ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባለ ሦስት ፒስተኗ ቪትዝ 1.0 በወረቀት 71 ፈረስ ጉልበት አላት፤ አዲስ አበባ ላይ 56 ገደማ ይቀራታል። የሁለተኛዋ ትውልድ 1.3 87 ወደ 69፣ የዲዛየር 83 ወደ 66 ይወርዳል።

አየሩ መሳሳቱ ብቻውን ነዳጅ አያስበላም። ኢንጀክተር ያላት መኪና ኮምፒውተሯ አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል፣ የነፋሱም ግፊት ስለሚቀልላት ሜዳ ላይ እንዲያውም ትጠቀማለች። (ካርቡሬተር ያላቸው የድሮ ኮሮላዎች ግን ይህን ማድረግ አይችሉም። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለው ጂግለር (ቤንዚን ማሳለፊያዋ ቀዳዳ) እዚህ ቤንዚን ያበዛና ጥቁር ጭስ ያስወጣቸዋል።) ጣጣው የሚመጣው ዳገት ላይ ነው። ጉልበት ሲያንስ ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ኮምፒውተሩም ሙሉ ጉልበት ተጠየቅሁ ብሎ ከተለመደው ልክ በላይ ቤንዚን ይረጫል። ባዶዋን ሜዳ ላይ ቆጣቢ የነበረችው 1.0፣ አራት ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ አብዛኛውን መንገድ በዚህ ሁኔታ ነው የምታሳልፈው።

ዳገት ስንት እንደሚያስከፍል ማስላት ይቻላል። ከነሰዎቿ 1,250 ኪሎ የምትመዝን መኪና 300 ሜትር ከፍታ ብትወጣ፣ ሞተሩ የቤንዚኑን ጉልበት ሩቡን ብቻ ወደ ሥራ እንደሚለውጥ ይዘን፣ ለከፍታው ብቻ 0.45 ሊትር ገደማ ታቃጥላለች። ይህ ሜዳ ላይ 6 ኪሎሜትር የሚያስኬድ ቤንዚን ነው። ከመሀል ከተማ ወደ ሽሮ ሜዳና እንጦጦ አቅጣጫ በየቀኑ የሚመላለስ ሰውና ከቦሌ በመገናኛ ወደ ሲኤምሲ የሚሄድ ሰው አንድ ዓይነት መኪና ገዝተው የተለያየ ቁጥር ቢያወሩ አንዳቸውም አልዋሹም።

ቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልሳል፣ ግን በማርሽ ከወረዱ ነው። እግር ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ መኪናዋ በማርሽ ስትወርድ ኢንጀክተሩ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የምትበላው ቤንዚን የለም። ፎሌ አድርጎ (ማርሹን ነፃ አውጥቶ) የሚወርድ ሰው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲረጭ ይቆያል፣ ፍሬኑንም ያግላል። ፎሌ ይቆጥባል የሚለው ልማድ የካርቡሬተር ዘመን ቅሪት ነው።

ሊብሬውን ሳያዩ «ቪትዝ» ብቻ አይባልም

ቪትዝ በአንድ ስም የምትጠራ ብዙ መኪና ናት። የሻንሲ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያሉት ፊደላት ከደላላው የበለጠ ይናገራሉ። ኬኤስፒ90 ሁለተኛዋ ትውልድ ባለ 1.0 ናት፤ ኬኤስፒ130 ሦስተኛዋ ትውልድ ባለ 1.0። ኤስሲፒ90 የቀድሞዋ 1.3፣ ኤንኤስፒ130 የኋለኛዋ 1.3 ናቸው። ልብ መባል ያለባቸው ኤንሲፒ95 እና ኤንኤስፒ135 ናቸው፤ እነዚህ ለጃፓን የበረዶ አገር የተሠሩ ፎር ዊል ናቸው። የኋላ ዲፈረንሻልና ዘንግ ተጨምሮባቸው ስለሚከብዱ ከአቻቸው በሊትር 1 ወይም 2 ኪሎሜትር ያንሳሉ። ኤንሲፒ95 በዚያ ላይ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ናት። በዋጋ ረከስ ብላ የቀረበች 1.3 ካያችሁ መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

ብዙ ሰው የሚገረምበት የዲዛየር ክብደት ነው። ኋላዋ ሻንጣ ያለው ረጅም መኪና ስለሆነች ከቪትዝ የምትከብድ ትመስላለች። ግን በማንዋል 880 ኪሎ ገደማ ናት፤ ሁለተኛዋ ትውልድ ቪትዝ 1.0 ደግሞ 980 ኪሎ። መቶ ኪሎ የቀለለችው መኪና ሞተሯ 1,197 ሲሲ፣ ካምቢዮዋ ማንዋል ነው። ዳገት ላይ የምታሸንፈው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ቆርቆሮዋ ስስ ነው፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ነፋስ ያወዛውዛታል። የነዳጅ ታንኳ 37 ሊትር ብቻ ስለሆነም ከቪትዝ 42 ሊትር አንጻር ወደ ማደያ ቶሎ ትመለሳለች፤ ሰልፍ ባለበት ሰሞን ይህም ቁም ነገር ነው።

ጤነኛ መኪና፣ ትክክለኛ የጎማ ንፋስና ያልተጣደፈ ሾፌር ሲገናኙ በሊትር የሚጠበቀው ይህን ያህል ነው፦

ቪትዝ 1.0 በሲቪቲ (በቀበቶ በሚሠራ አውቶማቲክ) ካምቢዮ፦ ሜዳ በሚበዛው የከተማ መንገድ 12–14፣ ዳገት በሚበዛው 10–12፣ ከከተማ ውጭ በ90 ፍጥነት 17–19።

ቪትዝ 1.3 (ፎር ዊል ያልሆነች)፦ በዚያው ተራ 11–13፣ 10–12፣ 16–18።

ዲዛየር ማንዋል፦ 14–16፣ 12–14፣ 18–21።

ዳገት ላይ የ1.0 እና የ1.3 ቁጥር እኩል መሆኑን አስተውሉ። ሁልጊዜ ብቻውን ለሚነዳና ቤቱም ሥራውም ሜዳ ላይ ለሆነ ሰው 1.0 ትበቃዋለች። ቤተሰብ ጭኖ ዳገት ለሚመላለስ ግን 1.0 ምንም አትቆጥብለትም፤ ትርፉ የሞተር ጩኸት ነው። ሰልፍ ውስጥ ፍሪሲዮን መርገጥ የማያስቸግረው ሰው ሁለቱንም ትቶ ዲዛየርን ቢመለከት ይሻላል። ፍሪሲዮን መርገጥ ጉልበቱን ለሚያምመው ሰው ደግሞ አውቶማቲኳ ዋጋ አላት፣ ያንን ኪሎሜትር በሊትር አይለካውም።

ራስ በራስ መለካት

ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው አማካይ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያሳምራል። የሚታመነው ከሙሉ እስከ ሙሉ መለካት ነው።

ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ አስተካክሉ። ማደያ ሄዳችሁ አፍንጫው ራሱ ቀጭ ብሎ እስኪያቆም አስሞሉ፤ ቀጂው «ትንሽ ይጨመር?» ሲል እንቢ በሉ። ትሪፕ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጉና የዘወትር መንገዳችሁን 350 ኪሎሜትር ያህል ንዱ። ከዚያ እዚያው ማደያ፣ እዚያው መቅጃ ላይ፣ መኪናዋን በዚያው አቅጣጫ አቁማችሁ እንደገና አስሞሉ። የሄዳችሁትን ኪሎሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ።

350 የተባለው በምክንያት ነው። አፍንጫው የሚያቆምበት ቦታ ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው እስከ 1 ሊትር ሊለያይ ይችላል። 10 ሊትር ብቻ ካስገባችሁ ስህተቱ 10 በመቶ ነው፤ 28 ሊትር ካስገባችሁ 3.5 በመቶ። ሦስት ጊዜ ደግማችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ሙሉ ማስሞላት የማይመቸው፣ በ500 እና በ1,000 ብር የሚቀዳ ሰውም መለካት ይችላል። ነዳጅ በቴሌብር መከፈል ከጀመረ ወዲህ እያንዳንዱ ክፍያ ስልክ ላይ ተመዝግቦ ይቀራል። የወሩን ክፍያ ደምሮ በሊትር ዋጋ ማካፈል ነው፤ በወሩ መሀል ዋጋ ከተቀየረ የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ። በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ የነዳጅ መለኪያው መርፌ አንድ ቦታ ላይ መሆን አለበት።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንዱ ጎማ ነው። ቪትዝ 165/70/14 ለብሳ የመጣችውን 185/60/15 ያለበሳት ሰው የጎማዋን ዙሪያ በ3 በመቶ ገደማ አሳድጎታል። ቆጣሪው 100 ሲል መኪናዋ 103 ሄዳለች፤ ነዳጅ የጨመረች የሚመስለው ከፊሉ ከዚህ ነው። ሁለተኛው የአዳማ መንገድ ነው። ብዙ ሰው የመኪናውን ቁጥር የሚናገረው በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ሲወርድ ካየው ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ 500 ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው። ደርሶ መልስ ያልተለካ የአዳማ ቁጥር አይቆጠርም። በዚያ መንገድ ላይ ከ120 ይልቅ በ90 መሄድ ከ1.0 እና ከ1.3 ሞተሮች ልዩነት የበለጠ ይቆጥባል፤ የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚጨምር ከ90 ወደ 120 ማለፍ ግፊቱን ወደ እጥፍ ሊያደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ቁጥሩ ዝቅ ሲል

1.0 ሆና በሊትር 8 እና 9 የምትሄድ መኪና ብልሽት አለባት። መጀመሪያ መታየት ያለበት ርካሹ ነው፦ ፍሬን። 10 ኪሎሜትር ያህል ፍሬን ሳታበዙ ነድታችሁ ስትቆሙ እጃችሁን ወደ አራቱ ቸርኬዎች በጥንቃቄ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ሸራው አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው እየሞተ ነው።

ሁለተኛው የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ነው። አንዳንድ መካኒኮች ሞተር እንዳይሞቅ ብለው አውጥተው ይጥሉታል። በአዲስ አበባ ጠዋት ቴርሞስታት የሌላት መኪና ሙቀቷ 80 ዲግሪ ሳይደርስ ቢሮ ትደርሳለች፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ መንገዱን በሙሉ ቤንዚን ያበዛል። ትንሽ የኮምፒውተር ማንበቢያ ሰክቶ የውሃውን ሙቀት ማየት ይበቃል። በዚያው ማንበቢያ የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያውን (ኮምፒውተሩ ከልኩ ስንት በመቶ ቤንዚን እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ) ተመልከቱ፤ ከ10 በመቶ በላይ ወደ መደመርም ሆነ ወደ መቀነስ ከሄደ አየር የሚያስገባ ቧንቧ፣ የደከመ የኦክስጅን ሴንሰር ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ይኖራል። መኪና ከመግዛት በፊት ይህን ማስነበብ ከደላላው ምስክርነት ይሻላል።

ዘይትም አለ። እነዚህ ትናንሽ ሞተሮች የተሠሩት 5ደብልዩ-30 ለመሰለ ቀጭን ዘይት ነው። «ዘይት እንዳትበላ» ተብሎ ወፍራሙ 20ደብልዩ-50 ሲሞላባቸው በተለይ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ዘይቱን ለመግፋት ቤንዚን ያወጣል። የሲቪቲ ካምቢዮ ደግሞ የራሱን ዘይት ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የተጨመረበት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ነዳጁም ካምቢዮውም አብረው ይሄዳሉ።

የአየር ፊልትሮ ሁልጊዜ ይወቀሳል። ኢንጀክተር ባላት መኪና ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ የነዳጅ ፍጆታን ያን ያህል አይለውጥም። አቧራ ስላለብን በጊዜው መቀየሩ ለሞተሩ ዕድሜ ያስፈልጋል፤ 3 ኪሎሜትር ይጨምርልኛል ብሎ ግን አይጠበቅም። ቤንዚን ውስጥ ስለሚጣሉት ክኒኖች የሚባል ነገር የለም፤ ገንዘቡን ለጎሚስታው ስጡት። ከጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ግን ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ሞተሩን ዳገት ላይ ያንኳኳል፣ ኮምፒውተሩም እሳቱን አዘግይቶ ጉልበቱን ይቀንሳል።

በብር ሲተረጎም

በሊትር 120 ብር ይዘን እናስላ፤ የየወሩን ዋጋ ራሳችሁ ተኩበት። በወር 800 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው 13 ከምትሄደው ቪትዝ 1.0 ወደ 15 የምትሄደው ዲዛየር ቢዛወር የሚያተርፈው 8 ሊትር ገደማ፣ 1,000 ብር የማይሞላ ነው። ለዚህ ብቻ መኪና መቀየር አያዋጣም። ራይድ የሚሠራና በወር 3,000 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው ግን 31 ሊትር ገደማ፣ 3,700 ብር ያተርፋል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ቆማ የምትሠራ ትንሽ መኪና በሰዓት 0.6 ሊትር ያህል ትበላለች። ደንበኛ እየጠበቀ በቀን ሁለት ሰዓት ሞተር ሳያጠፋ የሚቆም ሾፌር በ26 የሥራ ቀን ያንኑ 31 ሊትር ያቃጥላል። ዲዛየር ገዝቶ ያተረፈውን ቁልፍ ባለማዞር መልሶ ይሰጠዋል።

ሌላው ሂሳብ የሚያሳስተው ኪሎሜትር በሊትር ራሱ ነው። ከ10 ወደ 12 ማደግ በ100 ኪሎሜትር 1.7 ሊትር ያስቀራል፤ ከ20 ወደ 22 ማደግ ግን 0.45 ሊትር ብቻ። ስለዚህ በሊትር 9 የምትሄድ የታመመች መኪናን ማስጠገን፣ 16 የምትሄደውን 18 ለማድረስ ከመልፋት በላይ ዋጋ አለው።

ኤሌክትሪኳስ

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የገበያው ንጽጽር ያገለገለች ቤንዚን ከኤሌክትሪክ ጋር ሆኗል። ከትናንሾቹ ቢዋይዲ ሲጋልን እንውሰድ። 30.08 ወይም 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አላት፤ በቻይና ፍተሻ 305 እና 405 ኪሎሜትር ተጽፎላታል። ይህም እንደ ሌላው ወረቀት ነው። በ100 ኪሎሜትር 12 ኪሎዋት ሰዓት ትወስዳለች ብለን፣ 10 በመቶ መጠባበቂያ ትተን፣ ትንሿ ባትሪ 225 ኪሎሜትር ያህል ታስኬዳለች።

ከፍታው እሷን አይነካትም፤ ሞተሯ አየር አይተነፍስም። ስትወርድ ከወጣችበት ጉልበት ጥሩውን ድርሻ ወደ ባትሪ ትመልሳለች፣ ሰልፍ ውስጥ ስትቆምም ማለት ይቻላል ምንም አትበላም። የአዲስ አበባ አየርም ለባትሪ የሚመች ነው፣ እጅግ አይሞቅም፣ እጅግም አይቀዘቅዝም። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን 15 በመቶ ጨምረን፣ የመብራቱን ዋጋ ሆን ብለን ከፍ አድርገን በኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ብንይዝ፣ 100 ኪሎሜትር ወደ 83 ብር ይመጣል። 13 የምትሄደው ቪትዝ ለዚያው መንገድ 923 ብር ትጨርሳለች። በወር 800 ለሚነዳ ልዩነቱ በዓመት 80,000 ብር ገደማ፣ በወር 3,000 ለሚነዳ 300,000 ብር ገደማ ነው። የሁለቱን መኪኖች የመግዣ ዋጋ ልዩነት በዚህ አካፍሉትና ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ።

የማትመቸው ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ክፍለ ሀገር አዘውታሪ ነው፤ ሐዋሳ 275 ኪሎሜትር ስለሆነ ትንሿ ባትሪ መንገድ ላይ ማቆም ግድ ይላታል። ሁለተኛው የራሱ ቆጣሪና ማቆሚያ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነው። በተራ ሶኬት በ10 አምፔር ሲሞላ ትንሿ ባትሪ ባዶ ከሆነች፣ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 16 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ሰዓት ሽቦው ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ነው የሚያድረው። ከፎቅ በመስኮት የተንጠለጠለ ስስ ማራዘሚያ ይህን አይችልም፣ ሶኬቱ ቀልጦ ይገኛል። ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከቆጣሪው ተነስቶ በራሱ ብሬከርና በመሬት ሽቦ መዘርጋት አለበት። ግቢው ያንን የማይፈቅድ ከሆነ በሕዝብ ቻርጀር ላይ ብቻ የሚኖር ሰው ሂሳቡን በ6 ብር ሳይሆን ቻርጀሩ በሚያስከፍለው ዋጋ እንደገና ይሥራው።